ባነሩ ተሰቀለ፣ ቆሻሻው ቀጠለ፦ ልማድ የሚለውጥ ዘመቻ እንዴት ይሠራል?

ጅማን የሚያውቅ ሰው አዌቱን ያውቃል። ከተማችንን ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ጓደኞቼ እዚያ ወንዝ ዳር የጽዳት ዘመቻ አዘጋጀን። ቅዳሜ ጠዋት ሞንታርቦ በመኪና ጭነን ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ዞርን። ቲሸርትና ኮፍያ አደልን። ወጣቶች አካፋና መጥረጊያ ይዘው ግልብጥ ብለው ወጡ። ድልድዩ አጠገብ «ወንዛችንን እንጠብቅ፣ ቆሻሻ አንጣል» የሚል ትልቅ ባነር ሰቀልን። የወንዙ ዳር በእውነት ጸዳ። ፎቶ ተነሳን፤ ደስ ብሎን ተለያየን።

ማክሰኞ በዚያ ሳልፍ ባነሩ እንደተሰቀለ ነው። ከሥሩ ግን ፌስታል ተከምሯል።

ከፋኝ። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» የሚለው ቃል ነው። ከድልድዩ ፈንጠር ብለው ጀበና ቡና የሚያፈሉ አንድ እናት አሉ። ደንበኛቸው ነኝ። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ምሬቴን ዘረገፍኩላቸው። እሳቸው ከሰሉን እያራገቡ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ቆሻሻ መጥፎ መሆኑንማ እናውቃለን። እኛም አፍንጫ አለን» አሉኝ። ከዚያ ወደ እግራቸው ሥር ጠቆሙኝ። የከሰል አመድ፣ የቡና አተላ፣ ደንበኛ ጥሎት የሄደ የሶፍት ክምር። «ይሄን የት ላድርገው? ገንዳው ያለው ማዶ ነው። ጀበናዬን ጥዬ ልሂድ? ጋሪ የሚገፉት ልጆች የሚመጡት ጠዋት ነው። እኔ ጠዋት እዚህ የለሁም።»

መልስ አልነበረኝም። ያንን ሁሉ ባነርና ቲሸርት ስናሠራ ይህችን ጥያቄ አንድ ሰው እንኳ አላነሳትም። እኔም አላነሳሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ስለዚህ ሥራ የምሬን ማንበብና ሰው መጠየቅ የጀመርኩት። እዚህ የምጽፈው ያገኘሁትን ነው።

እንደ ሳሙና መሸጥ

እ.ኤ.አ. በ1951 እና 52 መባቻ ጂ.ዲ. ዊቢ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ጥያቄ ጻፈ። ሳሙና የሚሸጥ ድርጅት በሬዲዮ አስተዋውቆ ሚሊዮኖችን ያስገዛል። ታዲያ ወንድማማችነትን እንደ ሳሙና መሸጥ ለምን አቃተን? ጥያቄው የዋህ ይመስላል። እሱ ግን ቁጭ ብሎ በዘመኑ የተካሄዱ ዘመቻዎችን መረመረ።

አንደኛው በ1943 የተደረገ ነው። ኬት ስሚዝ የተባለች ዝነኛ ዘፋኝ ለ18 ሰዓታት ያህል በሬዲዮ እየተመላለሰች የጦርነት ቦንድ ግዙ ብላ ለመነች። በዚያ አንድ ቀን ወደ 39 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቃል ተገባ። ሌላው በ1951 የተካሄደው የኬፎቨር ኮሚቴ ምርመራ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የተደራጀ ወንጀልን ሲመረምር በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ሕዝቡ ተንጨረጨረ፤ ተቆጣ። ግን ያደረገው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ቦንዱን የፈለገ ሰው ስልክ ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። የት እንደሚደውል ያውቃል። በሌላ በኩል፣ በወንጀል የተቆጣው ሰው ንዴቱን ይዞ የት ይሂድ? ማን ጋ? ምን ሊል? ዊቢ እንዳለው መልእክቱ ሰውን ካነሳሳ በኋላ የሚገባበት በር ያስፈልገዋል። በሩ ቅርብ፣ ክፍትና ሰውን የሚያስተናግድ መሆን አለበት። እኛ አዌቱ ዳር ሰውን አነሳሳን እንጂ በር አላበጀንም። ቡና አፍዪዋ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ፊሊፕ ኮትለርና ጄራልድ ዛልትማን የተባሉ ምሁራን ነገሩን ስም ሰጡት፦ ማኅበራዊ ማርኬቲንግ። ስሙ ሰውን ያሳስታል። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ዕቃ ማስተዋወቅ ማለት አይደለም። ነጋዴ የሚጠቀምበትን ዘዴ ወስዶ ሰውን ወይም ማኅበረሰቡን ለሚጠቅም ልማድ ማዋል ነው። ትርፉ ወደ ሻጩ ኪስ አይገባም። ልጁ ወባ ያልያዘው አባት ቤት ይገባል።

ዋጋው ስንት ነው?

የማርኬቲንግ ትምህርት የወሰደ ሰው አራት ነገሮችን ይጠራላችኋል፤ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ማስተዋወቅ። የእኛ ዘመቻዎች ብዙውን ጊዜ በአራተኛው ይጀምራሉ፤ እዚያው ይጨርሳሉ። ባነር፣ ሬዲዮ፣ ሰልፍ። ሦስቱን ማንም አያያቸውም።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ዋጋ ነው። «በነጻ ነው የሰጠናቸው፤ ምን ዋጋ አለው?» ይባላል። ዋጋ ግን ብር ብቻ አይደለም። ጊዜ ዋጋ ነው። ሃፍረት ዋጋ ነው። ሙቀት ዋጋ ነው። ከጎረቤት ተለይቶ መታየት ከባድ ዋጋ ነው።

አጎበርን ውሰዱ። በጅማ ዙሪያ ቆላማ ቀበሌዎች ወባ የሰው ሁሉ ጠላት ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር አጎበር አድላለች። አንድ ጊዜ ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ገብቼ አጎበሩ ማዳበሪያ ውስጥ ተጣጥፎ አየሁት። እናትየው አልደበቀችኝም። ቤቱ ጎጆ ነው። ጣሪያው ክብ ነው፤ ማንጠልጠያው የት ይታሰር? ልጆቹ አራት ናቸው፤ መሬት ላይ ነው የሚተኙት። አጎበሩ የተሠራው ለአልጋ ነው። ሌሊት ሲሞቃቸው ትንሹ ልጅ ይገልጠዋል። በየማታው መዘርጋት፣ በየጠዋቱ መሰብሰብ። ይህ ሁሉ ዋጋ ነው፤ የምትከፍለውም እሷ ናት፤ በየቀኑ፣ ደክሟት። «አጎበር ተጠቀሙ» የሚለው ፖስተር ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም። አራት ምስማርና ትንሽ ገመድ ይዞ ሄዶ አብሮ ማሰር ከመቶ ፖስተር ይሻላል። ይህን የምለው አብሬ አስሬ ስላየሁት ነው።

በብርም በኩል ቢሆን ነገሩ እንደምናስበው ቀላል አይደለም። «ሰው በነጻ ያገኘውን አያከብርም፤ ትንሽ ይክፈልበት» የሚል ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ነበር። ኬንያ ውስጥ ጄሲካ ኮኸንና ፓስካሊን ዱፓ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በአጎበር ፈተኑት። ዋጋው ከነጻ ወደ 60 የአሜሪካ ሳንቲም ከፍ ሲል የሚወስደው ሰው ድርሻ በ60 ከመቶ ነጥብ አሽቆለቆለ። ደግሞ በነጻ የወሰዱት ከገዙት ያነሰ አልተጠቀሙበትም። አጎበር ለድሃ በነጻ ይሰጥ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ጠንካራ መሠረት አገኘ።

ኮንዶም ላይ ግን ሌላ መንገድ ሠርቷል። ዲኬቲ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ሲጀምር ኮንዶምን በድጎማ ዋጋ አርክሶ መሸጥ ነው የመረጠው። ሕይወት ትረስትና ሴንሴሽን የሚሉትን ስሞች የማያውቅ የኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም። በጤና ጣቢያ ብቻ ቢሰጥ ወጣቱ ነርስ ፊት ቆሞ መጠየቅ ነበረበት። ያ ሃፍረት ከሃያ ብር በላይ ያስከፍላል። ሱቅ ላይ ከማስቲካ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ሌላ ነው። ባለሱቁም ትንሽ ስለሚያተርፍ ዕቃው እንዳያልቅበት ይጠነቀቃል። ፔንሲዮኑም፣ ቡና ቤቱም እንዲሁ። የትርፍ ሰንሰለቱ ኮንዶሙን ማታ አራት ሰዓት ላይ እንኳ እንዲገኝ አደረገው። ቦታ የሚባለው ይሄ ነው።

ብቻህን የማትለውጠው ልማድ

እስካሁን ያነሳሁት አንድ ሰው ብቻውን ሊወስነው የሚችለውን ነገር ነው። የሚከብደው ሌላው ነው። አንዲት እናት ልጇን ላለማስገረዝ ልቧ ቆርጧል እንበል። ጉዳቱን ታውቃለች። ሕጉንም ታውቃለች፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል አድርጎታል። ግን ጎረቤቶቿ ሁሉ የሚያስገርዙ ከሆነ ልጇን ማን ያገባታል? ብቻዋን እምቢ ብትል ዋጋውን የምትከፍለው ልጇ ናት። እዚህ ላይ እናትየዋን በራሪ ወረቀት ማደል ምንም አይረዳትም።

ቦጋለች ገብሬ ይህንን በደንብ የገባት ሴት ነበረች። ነፍሷን ይማር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈችው። ከምባታ ተወልዳ፣ ራሷም ተገርዛ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ከእህቷ ጋር ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት እዚያው አገሯ መሠረተች። ሰዎችን ሰብስባ አላወገዘችም። መጀመሪያ የጠየቀቻቸው ምን እንደሚቸግራቸው ነው። የጎደለውን ድልድይ አሠራች። አመኔታ ካገኘች በኋላ የማኅበረሰብ ውይይት ጀመረች። ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ሴት፣ ወንድ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ላይ እየተቀመጡ ያወራሉ። ለወራት፣ ለዓመታት።

ከዚያ በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ ሠርግ ሆነ። ሙሽራዋ ያልተገረዘች ናት። ይህንንም በአደባባይ በጽሑፍ ደረቷ ላይ አንግታ ወጣች። ሙሽራውም ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን እንዲሁ አንግቶ ቆመ። ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ታደመ።

ያ ሠርግ ለምን ከመቶ ስብሰባ በለጠ? «ማን ያገባታል?» ለሚለው ጥያቄ ሕዝብ ፊት መልስ ስለሰጠ ነው። እያንዳንዱ እንግዳ ሙሽሮቹን ብቻ አይደለም ያየው። ሌሎቹ እንግዶች ሲያጨበጭቡም አይቷል። ጎረቤቴ እንደዚህ ያስባል እንዴ? ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። በዩኒሴፍ ድጋፍ የተሠራ ጥናት እንደሚለው በአካባቢው ልጄን አስገርዛለሁ የሚለው ቤተሰብ በ1999 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 97 በመቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። በዘመቻ ሥራ ያለፈ ሰው ይህ ቁጥር ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል። እኔ ይህንን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አለቅሳለሁ። በእኛ ዙሪያ ገጠሮችም ገና ብዙ ሴቶች ልጆች ያንን ሠርግ እየጠበቁ ነው።

ሬዲዮ ምን ይችላል?

ታዲያ ሚዲያ ምን ይሠራል? ብዙ ይሠራል፤ ግን ድርሻው የተወሰነ ነው። ሚዲያ ትልቁ ጉልበቱ ያልተነገረውን ማነጋገር ነው። ቤት ውስጥ የማይነሳውን ነገር ገጸ ባሕርይ ካነሳው እናትና ልጅ ስለ ገጸ ባሕርይው አስመስለው ስለ ራሳቸው ያወራሉ።

ሜክሲኳዊው የቴሌቪዥን አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንን ወደ ዘዴ ለወጠው። በተከታታይ ድራማው ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ያስገባል። አንዱ ጥሩውን የያዘ፣ አንዱ መጥፎውን የያዘ፣ ሦስተኛው መሃል የሚዋልል። አድማጩ የሚወደው ሦስተኛውን ነው። ይሳሳታል፤ ይጸጸታል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሳሳታል። እንደ እኛ ነዋ። ሳቢዶ ስለ ጎልማሶች ትምህርት በሠራው ድራማ ላይ አንድ ቀን የመማሪያ መጽሐፍ የሚታደልበትን እውነተኛ ቦታ አሳየ። በማግስቱ ሕዝቡ ወደዚያ ሲጎርፍ የሜክሲኮ ሲቲ መንገድ ተዘጋጋ። በሩን ስላሳየው ነው።

ዘዴው ወደ እኛም መጣ። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በአማርኛ «የቀን ቅኝት»ን፣ በኦሮምኛ ደግሞ «ዲምቢባ»ን አቀረበ። የቀን ቅኝት ብቻ 257 ክፍል ነበረው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ማለት ነው። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ጠለፋ ያነሳ ነበር። ከአድማጭ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጎርፏል። ዛሬ የአንድ ደቂቃ ስፖት አስነግሮ ለውጥ የሚጠብቅ ሰው ይህንን ርዝመት ልብ ቢለው ደስ ይለኛል። ሰው ልማዱን ለመለወጥ ጊዜ ይፈልጋል። ድራማው ያንን ጊዜ አብሮት ይኖራል።

ጅማ ውስጥ ሬዲዮ ዛሬም ሰው አለው። ባጃጅ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ልብስ ሰፊው መኪና አጠገብ ይሰማል። ቲክቶክና ቴሌግራም ደግሞ ወጣቱን ቶሎ ይደርሳሉ፤ ለመጥራትና ለማሰባሰብ ጥሩ ናቸው። ግን መቶ ሺህ ሰው አየው ማለት አንድ ሰው ተለወጠ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ቋንቋው ላይ ግን ልቆይ። ሐሙስ ገበያ ብትወጡ ከየወረዳው የመጣው ገበሬ የሚያወራው ኦሮምኛ ነው። ከተማው ውስጥ አማርኛ ይበዛል። ዳውሮኛም፣ ከፍኛም፣ የምኛም ትሰማላችሁ። ብዙ ፖስተር መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይታሰባል፤ ከዚያ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ይተረጎማል። ሲደርስ ነፍሱ ወጥታለች። የገበሬውን ቀልድና ምሳሌ የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው በቋንቋው ይጻፈው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንኳ ይህ ገብቶት ነበር። በ5 ቋንቋ ጀምሮ ወደ 15 ደረሰ። በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ሸልሞታል። ያም ሆኖ ዘመቻው ሲያበቃ የሚነበብ ነገር መንደሩ ውስጥ አልነበረም። ብዙ ሰው የተማረውን ፊደል መልሶ ረሳው።

ማስፈራራትና ሌሎች ስህተቶች

ልጅ ሆነን የኤድስ ፖስተር የራስ ቅል ነበረበት። አጥንታቸው የወጣ ሰዎች ነበሩበት። ሐሳቡ ሰውን አስፈርቶ ማዳን ነበር። ሰው ፈራ። ግን የፈራው ቫይረሱን ብቻ አልነበረም፤ ታማሚውንም ፈራ። ጎረቤት ዕቃ ለየ። ታማሚው ተደበቀ። ለመመርመርም ማን ደፍሮ ይሂድ? ቢያውቅስ ምን ያደርግለታል?

ነገሩን ከለወጡት መካከል ሁለቱን ላንሳ። በ1998 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ማኅበር የሆነው ተስፋ ጎህ አባላት ፊታቸውን ገልጠው «እኛ ነን» አሉ። ፖስተሩ ላይ ያለው አጥንት ሰው ሆነ። ከዚያ በ1997 ዓ.ም. አጋማሽ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ጀመረ። ያኔ «ተመርመር» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉም አገኘ። ከምርመራው ማዶ ሕይወት አለ። ፍርሃት ሰውን የሚያንቀሳቅሰው የሚሮጥበት ቦታ ሲኖር ነው። ከሌለ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል።

ሌላ ስህተት አለ፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ጊዜ በሬዲዮ ቀርቤ «አብዛኛው ነዋሪ ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ ነው የሚጥለው» ብዬ በቁጭት ተናገርኩ። ሰውን ያሳፍራል ብዬ ነበር። አድማጩ የሰማው ሌላ ነው፤ «ሁሉም ሰው ነው የሚያደርገው፤ እኔ ማን ነኝ?» የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ ይህንን አሪዞና ውስጥ በአንድ ፓርክ ፈትነውታል። ጎብኚዎች ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት እየሰረቁ ይሄዱ ነበር። ብዙ ሰው እየሰረቀ ፓርኩን እንዳበላሸ የሚናገር ምልክት በተተከለበት መንገድ 8 በመቶ ገደማ ስርቆት ተገኘ። «እባክዎ አይውሰዱ» ብቻ በሚልበት ግን ከ2 በመቶ በታች ነበር። እንግዲህ እኔ በሬዲዮ የተከልኩት የመጀመሪያውን ምልክት ነው።

እጅ መታጠብ ላይም የሚገርም ነገር አለ። ሁላችንም «ጀርም» እያልን ነው የምናስተምረው። ሕንድ ውስጥ፣ አንድራ ፕራዴሽ፣ ሱፐር አማ የተባለ ዘመቻ ጀርምን ተወው። የእናት ፍቅርን፣ መጸየፍን፣ ልጄ ጨዋ ሆኖ ይደግ የሚለውን ስሜት ያዘ። ከስድስት ወር በኋላ በቁልፍ ሰዓቶች በሳሙና የሚታጠበው 37 በመቶ ደረሰ። ዘመቻው ባልደረሰባቸው መንደሮች 6 በመቶ ነበር። የሚያሳዝነው ከዚህ በፊት ስንት ዓመት በጀርም ብቻ ማለፉ ነው። እናት ለልጇ ያላትን ስሜት ከማንም በላይ የምናውቅ ሰዎች ነን እኮ።

ማን ይናገር?

በጅማ ቤቶች ምክር የሚሰማው ከሚታወቅ ሰው ነው። ጁምዓ ኹጥባ ላይ ኢማሙ ያነሳው ነገር ሳምንቱን ሙሉ ይወራል። የእድር ዳኛው ቃል ይከበራል። ቄሱ፣ አዋላጇ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሁሉም ሰሚ አላቸው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲመደቡ የሠራው አንዱ ምስጢር ይሄ ነው። ልጅቷ የአካባቢው ሰው ናት። ደጋግማ ትመጣለች። የመጸዳጃ ጉድጓድ ያልቆፈረው ጎረቤት የቆፈረውን ያያል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ መዝገብ እንደሚያሳየው በ1990 እ.ኤ.አ. ከ10 ኢትዮጵያውያን 9ኙ ሜዳ ላይ ነበር የሚጸዳዱት። በ2015 ወደ 3 ወርዷል። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ፍጥነት ጥቂት አገር ነው ያየው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሲቢቲፒ ለሚባለው ማኅበረሰብ ውስጥ ገብቶ የመማር ፕሮግራም ወደ ቀበሌዎች ሲወጡ መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። አንዳንዴ ነዋሪው ይሰለቻል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከተማሪዎቹ መካከል አንዷ ያለችኝን አልረሳም። «መጠይቁን ጨርሼ ቡና ስጠጣ ነው እውነቱን የሚነግሩኝ» አለች። እኔ ብሆን ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ማለትን የሥራው አካል አድርጌ አበል እከፍልበት ነበር።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ይህ ሁሉ ዘዴ ስለት ነው። የሰውን ስሜት አጥንቶ የሰውን ልማድ መለወጥ ለክፉም ይውላል። ሲጋራ ሻጩም፣ ጥላቻ የሚሰብከውም ያውቀዋል። ስለዚህ ዘመቻ ስንጀምር ለውጡን ማን ፈለገው፣ ማን ይጠቀማል፣ የሚለወጠው ሰው ተጠይቋል ወይ ብለን መመለስ አለብን። ከሰውየው የደበቅነው፣ ብንነግረው የሚናደድበት ነገር ካለ፣ ያ ነገር መደረግ የለበትም።

ወደ ድልድዩ ስንመለስ

ሁለተኛውን ዙር የጀመርነው በመቁጠር ነው። አንድ ሳምንት ድልድዩ አጠገብ ተራ እየገባን ተቀመጥን። ማን ይጥላል? ምን? በስንት ሰዓት? የገረመኝ ነገር አብዛኛው ቆሻሻ ከመኖሪያ ቤት አይመጣም ነበር። ማታ ማታ፣ ትንንሽ ሱቆችና ቡና አፍዪዎች ሲዘጉ ነው የሚጣለው። የመጀመሪያው ሞንታርቧችን ግን ጠዋት፣ ሰፈር ውስጥ፣ ለቤት እመቤቶች ሲጮህ ነበር። ያኔ ስንት ቲሸርት እንዳደልን ሪፖርት ጽፈናል። ስንት ፌስታል እንደቀነሰ ግን አልቆጠርንም ነበር።

ከእንጨት መቆሚያ አሠርተን ሁለት ማዳበሪያ አንጠለጠልን፤ ከቡና አፍዪዋ አጠገብ። ጋሪ የሚገፉትን ልጆች አነጋገርናቸው። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ዙር ለመጨመር ተስማሙ፤ ባለሱቆቹ ትንሽ ትንሽ አዋጡ። ትልቁን ባነር አወረድነው። በምትኩ በኦሮምኛና በአማርኛ «የዚህ ሰፈር ነጋዴዎች ቆሻሻቸውን እዚህ ያስቀምጣሉ» የሚል ትንሽ ሰሌዳ ሆነ፤ ከቀስት ጋር። ለደንበኛ «እዚያ አድርገው» የሚሉት ራሳቸው እናታችን ሆኑ። የእሳቸውን ቃል ማን እምቢ ይላል?

ቀነሰ። አልጠፋም፤ ግን በዓይን የሚታይ ያህል ቀነሰ። ከዚያ ክረምት ገባ። መንገዱ ጨቀየ፤ ጋሪው ሦስት ሳምንት ያህል ቀረ። ማዳበሪያዎቹ ሞልተው ፈሰሱ። ወንዙ ዳር እንደገና ፌስታል ታየ። ሰሌዳው እዚያው ቆሟል፤ ሰዎቹም ያው ሰዎች ናቸው፤ የተዘጋው በሩ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ። ቡና አፍዪዋ ናቸው። ደውለውልኝ አያውቁም ነበር።

«ልጄ፣ ማዳበሪያው ሞልቷል። ልጆቹ ዛሬ ይመጣሉ ወይስ እኔ ባጃጅ ልጥራ?»